ጄምስ ብሩስ በጎንደር፦ ከዋጊኖስ ሥር እስከ ስቴም ሴል

መግቢያ

በአገራችን የጨጓራ ስም የማይነሣበት ቤት የለም። የተናደደ ሰው ጨጓራዬን ላጠው ይላል፤ ጾም የበረታበት ጨጓራዬ ተነሣ ይላል። አንዱ ተልባ በጥብጦ ይጠጣል፤ ሌላው ፋርማሲ ጎራ ብሎ ኦሜፕራዞል ይገዛል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ስቴም ሴል የሚባለው ነገር መጥቷል። ስቴም ሴል ማለት በቀላሉ ሲገለጽ ገና ሥራው ያልተለየለት፣ ተከፋፍሎና ተባዝቶ ሌላ ዓይነት ህዋስ መሆን የሚችል እናት ህዋስ ነው። ታዲያ በተማሪዎች መካከል ተደጋግሞ የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ የጨጓራ ቁስለት በስቴም ሴል መዳን ከቻለ ክኒኑ ምን ያደርጋል?

ውድ አንባቢያን፣ ጥያቄው አዲስ ይመስላል እንጂ መልኩ የቆየ ነው። አንድ አዲስ መድኃኒት ከነባሩ ይሻላል የምንለው በምን ተማምነን ነው? በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህን ጥያቄ የዛሬ 250 ዓመት ገደማ ጎንደር ገብቶ ሲያክም፣ ራሱም ታሞ ሲታከም በነበረ ሰው የሕይወት ታሪክ በኩል ለማየት እሞክራለሁ። ሰውየው ጄምስ ብሩስ ነው። የታሪክ መጻሕፍት ዓባይን ፍለጋ የመጣ አሳሽ ይሉታል። እኛን የሚመለከተን ግን ሐኪምነቱና ስሙ የተሰጠው የዋጊኖስ ዛፍ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትውልድና ወጣትነት

ጄምስ ብሩስ ታኅሣሥ 1730 ስኮትላንድ ውስጥ ኪኔርድ በተባለ የቤተሰቡ ርስት ተወለደ። ለንደን አጠገብ ባለው የሃሮ ትምህርት ቤት ተማረ፤ ቀጥሎም ኤድንብራ ገብቶ ሕግ ማጥናት ጀመረ። ሕጉ ግን ልቡን አልገዛውም፤ ተወው። በ1754 አድሪያና አለን የተባለች የወይን ጠጅ ነጋዴ ልጅ አገባ። ትዳሩ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ሚስቱ ፓሪስ ውስጥ በሳንባ ነቀርሳ ሞተችበት። በዚያን ጊዜ ለሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት አልነበረም፤ ሐኪም ቢኖርም የሚያደርገው ነገር አልነበረውም።

ብሩስ ከዚህ በኋላ ቤት የሚይዘው ሰው አልሆነም። በወይን ንግዱ ሰበብ ስፔንና ፖርቱጋልን ዞረ፤ ዐረብኛ ተማረ፤ ከዚያም ወደ ግእዝ ዞረ። ግእዙን ያገኘው ከጀርመናዊው ሊቅ ከሂዮብ ሉዶልፍ መጻሕፍት ነው። ሉዶልፍ ደግሞ ግእዝንና አማርኛን ያጠናው ከእኛው ሰው ከአባ ጎርጎርዮስ ነበር። ስለዚህ ብሩስ አገራችንን ከመርገጡ በፊት የኢትዮጵያዊ መምህር የልጅ ልጅ ተማሪ ሆኖ ነበር ማለት ይቻላል።

ሕክምናን የት ተማረ?

በ1763 አልጀርስ ውስጥ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ሥራ ጀመረ። ከቆንስላው ሐኪም ጥቂት የሕክምና እውቀት ቀሰመ። ቆይቶም ሶርያ ውስጥ ሐለብ ከተማ ይኖር ከነበረው ከዶክተር ፓትሪክ ራስል ዘንድ ተጨማሪ ተማረ። እንግዲህ ብሩስ በዛሬው አነጋገር ሐኪም አይደለም። ዲፕሎማ የለውም፤ ሆስፒታል ውስጥ አልሠራም። ነገር ግን በዚያ ዘመን ለመንገደኛ ከወርቅም ከጠመንጃም የሚበልጥ ማለፊያ ወረቀት ሕክምና መሆኑ ገብቶታል። ሐኪም ነኝ ያለ ሰው በር ይከፈትለታል።

ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል ኢጣሊያዊ ሠዓሊ ቀጥሮ በ1768 ግብፅ ገባ። ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በጅዳ በኩል ዞረና በሴፕቴምበር 1769 ምጽዋ ደረሰ። ከዚያ በዓድዋና በአክሱም አድርጎ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ የሊማሊሞን ገደል በእግርና በበቅሎ ወጣ። ዛሬ በመኪና ስንወርድ እንኳ ዓይናችንን የምንጨፍንበትን ዳገት ብሩስ የከዋክብት መመልከቻና የመለኪያ መሣሪያዎቹን አስጭኖ ነው የወጣው። ደባርቅን፣ ወገራን አልፎ በፌብሩዋሪ 1770 ጎንደር ገባ።

ፈንጣጣ በቁስቋም

የገባበት ጊዜ ክፉ ነበር። ዐፄ ኢዮአስ ከተገደሉ ዓመት አልሞላቸውም፤ ዙፋኑ ላይ ወጣቱ ዳግማዊ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት ተቀምጠዋል፤ ሥልጣኑ ግን በትግሬው ገዥ በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ነው። ንጉሡም ራሱም ዘመቻ ላይ ነበሩ። ከተማዋን የያዛት ደግሞ ፈንጣጣ ነው። እቴጌ ምንትዋብ በሚኖሩበት በቁስቋም ቤተ መንግሥት የልጅ ልጆቻቸው ታመው ተኝተዋል። የእቴጌ ልጅና የራስ ሚካኤል ባለቤት የሆኑት ወይዘሮ አስቴር ልጃቸው ክንፉ ተይዞባቸው ነበር።

በዚያን ጊዜ የፈንጣጣ በሽተኛ የሚያዘው በሩ ተዘግቶ፣ እሳት ተያይዞ፣ ልብስ ተደራርቦበት፣ ትኩስ ነገር እየጠጣ ነው። ነፋስ እንዳይነካው ይጠበቃል። ልማዱ የእኛ ብቻ አልነበረም፤ በምሥራቁ ዓለም በብዙ ቦታ እንዲሁ ይደረግ ነበር። ቤተ መንግሥቱ በመጀመሪያ ያመነው መነኮሳቱንና ጠበላቸውን ነው። ከዘመቻው ታሞ የመጣ የራስ ሚካኤል ዘመድ ሲሞት ግን ድንጋጤ ሆነ፤ በሽተኞቹም ለእንግዳው ተሰጡ።

ብሩስ መጀመሪያ ያደረገው ነገር መድኃኒት መስጠት አይደለም። በርና መስኮት አስከፈተ። ክፍሎቹን በሞቀ ውኃና በኮምጣጤ አሳጠበ፤ በዕጣንና በከርቤ አጠነ። ራስል ያስተማረውን ሥርዓት አንድም ሳያጓድል ተከተለ። ክንፉ ዳነ፤ ሌሎችም ዳኑ። በዚህ ምክንያት ብሩስ በእቴጌይቱ ዘንድ ሞገስ አገኘ፤ ቁስቋም ውስጥ ማረፊያ ተሰጠው፤ በኋላም የቤተ መንግሥት ሹመት አገኘ። ሕዝቡም ያዕቆብ ብሎ ጠራው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ክንፉን ያዳነው የብሩስ ሕክምና ነው? ፈንጣጣ ከያዛቸው 10 ሰዎች ውስጥ ወደ 3 የሚሆኑትን ይገድል ነበር። በሌላ አነጋገር 7ቱ ማንም ባይነካቸውም ይድናሉ። የብሩስ ሥርዓት ንጹሕ አየርና ንጽሕና ስለሆነ በሽተኛን አይጎዳም፤ እንዲያውም ሊረዳ ይችላል። ግን በሽተኛው መዳኑ ብቻ ሕክምናው አዳነው አያሰኝም። ለዚያ ሌላ ነገር ያስፈልጋል፤ ማወዳደሪያ።

ማወዳደር ደግሞ በዚያ ዘመን ያልታወቀ ነገር አልነበረም። የብሩስ አገር ሰው የሆነው የባሕር ኃይል ሐኪም ጄምስ ሊንድ በ1747፣ ብሩስ ጎንደር ከመግባቱ 23 ዓመት ቀድሞ፣ ስከርቪ የያዛቸውን 12 መርከበኞች ለሁለት ለሁለት ከፍሎ 6 ዓይነት ሕክምና ሰጥቷቸው ነበር። ብርቱካንና ሎሚ የተሰጣቸው ሁለቱ ፈጥነው ዳኑ። ሊንድ ዕውቀቱ ከሌሎች ስለበለጠ አይደለም ያወቀው፤ በሽተኞቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ስላያቸው ነው።

ግሽ ዓባይ

ብሩስ የመጣበትን ጉዳይ አልረሳም። በኖቬምበር 4 ቀን 1770 ግሽ ዓባይ ደረሰና ምንጩን አገኘሁ አለ። ለአካባቢው ሕዝብማ ምንጩ ጠፍቶ አያውቅም። ከአውሮፓውያንም ቢሆን ስፔናዊው ጳጳስ ያልሆነ የኢየሱሳውያን ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 እዚያው ቆሞ አይቶታል። ብሩስ ይህን አንብቦ ያውቃል፤ ግን ቀዳሚነቱን ለማንም ላለማጋራት ፓኤዝን ለማስተባበል ደከመ።

ባሉጋኒም አብሮት ነበር። ዛሬ የምናደንቃቸው የዕፅዋትና የአራዊት ሥዕሎች በአብዛኛው የእሱ እጅ ናቸው። ባሉጋኒ ጎንደር ውስጥ ታሞ ሞተ። ብሩስ ግን በመጽሐፉ ምንጩ ላይ ብቻውን እንደደረሰ አስመሰለ፤ ሥዕሎቹንም የራሱ አደረጋቸው። ይህን ነገር ልብ ይሏል፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ኮሶና ዋጊኖስ

ብሩስ በጎንደርና በዙሪያዋ የሚያየውን ዕፅ ሁሉ ይመዘግብ ነበር። ከመዘገባቸው አንዱ ኮሶ ነው። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሕዝብ የኮሶ ትል አያጣውም፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ በየጊዜው ኮሶ ይጠጣ ነበር። ከሰሜን ደጋ ተራሮች ላይ የሚበቅለው ዛፍ አበባው ይደርቅና ይፈጫል፤ በጥብጦ መጠጣት ነው። ኮሶ እውነተኛ መድኃኒት ነው፤ ትሉን ያስወጣል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ የመድኃኒት መዛግብት ውስጥ ሳይቀር ገብቷል። ዛሬ ግን ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል ቦታውን ወስደዋል። ኮሶ ስለማይሠራ አይደለም። የኮሶ መጠን ከዛፍ ዛፍ ይለያያል፤ ያንገሸግሻል፤ ሲበዛም ዓይን እስከማጥፋት ይደርሳል። ክኒኑ በልክ የተመጠነ ነው፤ ጉዳቱም ያነሰ ነው። አዲሱ ነባሩን ያሸነፈው ተወዳድሮ ነው።

ሁለተኛው ዋጊኖስ ነው። በአንዳንድ ቦታ አባሎ ይሉታል። በደጋና በወይና ደጋ የሚበቅል ትንሽ ዛፍ ነው፤ መራራነቱ ለጉድ ነው። ብሩስ በዲሴምበር 1771 ከጎንደር ወጥቶ ወደ ስናር ሲያመራ፣ በምዕራቡ ቆላ በራስ አልፊል ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያዘውና ለሞት ደረሰ። ለሳምንታት ሳይንቀሳቀስ ቀረ። የአካባቢው ሰዎች የዋጊኖስ ሥር ቅርፊት አድርቀው፣ ፈጭተው ሰጡት። ዳነ። ሌላውን ሲያክም የከረመው ሰው በተራው የአገሬው ታካሚ ሆነ ማለት ነው።

ብሩስ የተክሉን ነገር ወደ አውሮፓ ይዞ ሄደ። የዕፅዋት ተመራማሪዎች በእሱ ስም ብሩስያ አሉት፤ ሁለተኛ ስሙንም አንቲዲሴንተሪካ፣ የተቅማጥ ማርከሻ እንደማለት፣ ብለው ጨመሩበት። እንዲህ ሆኖ በአንድ በሽተኛ መዳን ላይ የቆመ ማስረጃ በሳይንሳዊ ስም ውስጥ ተቀርጾ ቀረ።

ያላመኑት ሰው

ብሩስ የኑብያን በረሃ አቋርጦ፣ ግመሎቹ አልቀውበት፣ እግሩ ቆስሎ በ1773 አውሮፓ ደረሰ። በ1774 ለንደን ሲገባ በመጀመሪያ ታላቅ አቀባበል ተደረገለት። ቆይቶ ግን ሳቁ መጣ። ጥሬ ሥጋ ይበላል ሲል ውሸታም ተባለ። የስለ ኢትዮጵያ ጽሑፍ የተረጎመው ዝነኛው ጸሐፊ ሳሙኤል ጆንሰን ሳይቀር ተጠራጠረው። ብሩስ ተቀየመና ርስቱ ላይ ተቀመጠ። በ1776 ሜሪ ዳንዳስን አገባ፤ ልጆች ወለዱ፤ በ1785 እሷም ሞተች። ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብሎ የጻፈው። ባለ 5 ቅጹ የጉዞ መጽሐፍ በ1790 ኤድንብራ ላይ ታተመ። በ1794 እንግዳ ሴት ወደ ሠረገላዋ ሊያደርስ ሲጣደፍ ደረጃ ላይ አዳለጠውና ወድቆ በ63 ዓመቱ ሞተ። ስንት በረሃና ጦርነት ያለፈ ሰው በገዛ ቤቱ ደረጃ ሞተ።

የሚገርመው ነገር ወዲህ ነው። ብሩስ እውነቱን ሲናገር አልታመነም፤ ጥሬ ሥጋውም፣ የጎንደር ቤተ መንግሥትም፣ ከእኛ ይዞት የሄደው የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂም እውነት ነበሩ። ባሉጋኒን ሲሰውር ግን ለረጅም ጊዜ ታመነ። ስለዚህ የተናጋሪው ግርማ ሞገስም ሆነ የአድማጩ ጥርጣሬ ማስረጃ አይሆንም። ነገሩ ራሱ መፈተን አለበት።

ዋጊኖስ ላቦራቶሪ ሲገባ

ዋጊኖስ ከ200 ዓመት በኋላ እንደገና ተነሣ። በ1973 አሜሪካ ውስጥ የኩፕቻን የምርምር ቡድን ከኢትዮጵያው ዋጊኖስ ብሩስአንቲን የተባለ ንጥረ ነገር አወጣ። በአይጦች ላይ የደም ካንሰርን ክፉኛ የሚያጠቃ ሆኖ ተገኘ። ተስፋው ትልቅ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በካንሰር በሽተኞች ላይ ሲሞከር ግን ዕጢዎቹ አልቀነሱም፤ በሽተኞቹን ማስታወክና የደም ግፊት መውረድ አስቸገራቸው። ሙከራው ተቋረጠ። አይጥ ላይ የሠራ ሁሉ ሰው ላይ አይሠራም።

የብሩስ ተቅማጥስ? ደም የቀላቀለ ተቅማጥ በባክቴሪያም በአሜባም ይመጣል። የባክቴሪያው ዓይነት ብዙ ጊዜ በራሱ ጊዜ ይሽራል። ዋጊኖስ ብሩስን አድኖት ይሆናል፤ ጊዜም አድኖት ይሆናል። ከአንድ ሰው ታሪክ ሁለቱን መለየት አይቻልም። ዛሬ በሽተኛ ሲመጣ ሰገራው ይመረመራል፤ አሜባ ከሆነ ሜትሮኒዳዞል ይሰጠዋል፤ ባክቴሪያ ከሆነም የሚስማማው ፀረ ባክቴሪያ ይታዘዝለታል። ልዩነቱ ክኒን መሆኑ ላይ አይደለም፤ መንስኤው መታወቁ ላይ ነው።

ወደ ጨጓራችን እንመለስ

የጨጓራ ቁስለትም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። ለብዙ ዘመን ጥፋቱ በበርበሬና በንዴት ይላከክ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አውስትራሊያውያኑ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያ አገኙ፤ ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ታመመ። ይህም ቢሆን የአንድ ሰው ታሪክ ነው፤ ነገሩን የቋጨው ባክቴሪያው የጠፋላቸውን ካልጠፋላቸው በሽተኞች ጋር ያወዳደረው ጥናት ነው። ባክቴሪያው ሲጠፋ ቁስለቱ ተመልሶ አይመጣም ማለት ይቻላል። በ2005 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ሌላው ዋና መንስኤ እንደ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችን ማዘውተር ነው።

የተለመደው ሕክምና ሁለት ሥራ ይሠራል። ኦሜፕራዞል የአሲዱን ምርት ይቀንሳል፤ እንደ አሞክሲሲሊንና ክላሪትሮማይሲን ያሉት ደግሞ ባክቴሪያውን ይገድላሉ። ታዲያ ቁስሉን ማን ይደፍነዋል? ብዙዎቻችን የማናስበው ነገር ይሄ ነው፤ የሚደፍነው የጨጓራው የራሱ ስቴም ሴል ነው። የጨጓራ የውስጥ ሽፋን በጤናማ ሰው እንኳ በየጥቂት ቀናቱ የሚታደሰው በእነሱ ነው። አሲዱ ሲቀንስላቸውና ጠላታቸው ሲወገድላቸው ሥራቸውን ይሠራሉ። ስለዚህ ክኒኑና ስቴም ሴሉ ባላንጣዎች አይደሉም፤ ክኒኑ መንገድ ጠራጊ ነው።

ከመቅኒ ወይም ከስብ የተወሰደ ስቴም ሴል ለጨጓራ ቁስለት ሲሰጥ በአይጦች ላይ ቁስሉን ቶሎ እንዳደረቀ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ደስ የሚል ጅምር ነው። ግን ሁለት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፣ ስቴም ሴል ባክቴሪያውን አይገድልም፤ መንስኤው ካለ ቁስሉ ይመለሳል። ሁለተኛ፣ ብሩስአንቲንም አይጥ ላይ ደስ የሚል ጅምር ነበር። በአንጀት ሕክምና የሆነውንም እንይ። ክሮንስ በሚባለው የአንጀት በሽታ ምክንያት ፊንጢጣ አጠገብ ለሚፈጠር ፊስቱላ ከስብ የተወሰደ ስቴም ሴል በመጀመሪያው ትልቅ ሙከራ 50 ከመቶ ገደማ በሽተኞችን ሲያሽል፣ ማወዳደሪያው ቡድን 34 ከመቶ ገደማ ተሽሎት ነበር። በ2018 አውሮፓ ፈቀደችው። በ2023 ውጤቱ የታወቀው ሁለተኛው ሙከራ ግን ልዩነት አላሳየም፤ በ2024 መድኃኒቱ ከአውሮፓ ገበያ ወጣ። የስቴም ሴል ሕክምና ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ የመቅኒ ንቅለ ተከላ ለደም ካንሰር ስንት ሰው አድኗል። ግን በአንዱ በሽታ መሥራቱ ለሌላው ዋስትና አይሆንም።

ማጠቃለያ

በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት የተማሪዎቹ ሥራ ገጠር ወርዶ ሕዝቡን ማከም ነበር። ዛሬም ከእኛ መካከል ወደ ወገራ፣ ወደ ዳባት፣ ወደ ጃን አሞራ የሚመደብ አለ። እዚያ የሚጠብቀን በሽተኛ አንዱ ዋጊኖስ የሞከረ ይሆናል፤ ሌላው ውጭ አገር ያለ ዘመዱ ስለ ስቴም ሴል የነገረው። ሁለቱንም መናቅ አይገባም፤ ሁለቱም ያሉት ነገር ሊጠና የሚገባው ነው። ግን ጥቁር ሰገራ የሚያይ ወይም ደም የሚያስታውክ ሰው ጊዜ የለውም፤ ተፈትኖ የታወቀውን ሕክምና ትቶ ተስፋ ሲጠብቅ ጨጓራው ሊበሳ ይችላል። ጥሪቱን ሸጦ ያልተረጋገጠ ሕክምና የገዛም ገንዘቡንም ጊዜውንም ያጣል።

ጄምስ ብሩስ ጎበዝ ታዛቢ ነበር። ያየውን ጻፈ፤ መጠኑን ጻፈ፤ የአገሬውን መድኃኒት ሳይንቅ በራሱ ላይ ሞከረ። የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር። እሱ ያጎደለውን መሙላት የእኛ ሥራ ነው። በደጃችን ለበቀለው ዋጊኖስም ሆነ ከላቦራቶሪ ለሚመጣው ስቴም ሴል መለኪያው አንድ ነው፤ ከነባሩ መድኃኒት ጋር ተወዳድሮ ያሸነፈ ይግባ፤ እስከዚያው ግን በሽተኛችን የታዘዘለትን ክኒን እስከ መጨረሻው ቀን ይዋጥ።

ቸር ይግጠመን።